ወረቀት የሌለው ሰው ዳኛ የለውምን?

የቡና ለቀማ ወራት በደረሱ ቁጥር በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ገበያዎች የሚነሳው ወሬ የኪሎ ዋጋ ብቻ አይደለም። «የእገሌ ልጅ ሪያድ ተይዛለች፤ ኢቃማ አልነበራትም» የሚለውም አብሮ ይነሳል። ወላጅ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን አጠፋች?» ብሎ ነው። ብዙውን ጊዜ ያጠፋችው ነገር የለም፤ ቀኑ ያለፈበት ወረቀት ነው።

ለመሆኑ መንግሥት ፈቃድ የሌለውን የውጭ አገር ሰው ሊያስርና ሊመልስ ይችላልን? አዎን፣ ይችላል፤ በዚህ ክርክር የለንም። ክርክሩ ለስንት ቀን ያስረዋል፣ እስሩ ትክክል መሆኑንስ ማን ያያል በሚለው ላይ ነው።

ብዙ ወገኖቻችን ወደሚኖሩባት ደቡብ አፍሪካ እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የአገሪቱ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 34 የውጭ አገር ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እስከ 30 ቀን እንዲታሰር ይፈቅድ ነበር። ከዚያም ዳኛው እስከ 90 ቀን ሊጨምርበት ይችላል፤ ታሳሪው ግን በአካል የመቅረብ መብት አልተሰጠውም። በጆሃንስበርግ አቅራቢያ ባለው በሊንዴላ ማቆያ ስንቱ ዳኛ ሳያይ ሰንብቷል! እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ኢትዮጵያዊ ጥገኝነት ጠያቂ ከዚሁ ማቆያ የተለቀቀው ጉዳዩ እስከ አገሪቱ የበላይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ድረስ ከሄደ በኋላ ነው።

በመጨረሻ የሰብአዊ መብት ጠበቆች ድርጅት ሕጉን ራሱን ከሰሰ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም ሰኔ 29 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ሁለቱን ንዑስ አንቀጾች ሻረ፤ ታሳሪው በ48 ሰዓት ውስጥ በአካል ዳኛ ፊት ይቅረብ አለ። ሕገ መንግሥቱ የነፃነትን መብት የሰጠው ለዜጋ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ሰው ነውና። በስርቆት የተጠረጠረ በ48 ሰዓት ዳኛ ፊት ሲቀርብ፣ ቪዛው ያለፈበት የማይቀርብበት ምን ምክንያት አለ? ፓርላማው ሕጉን እንዲያስተካክል 24 ወራት ቢሰጠውም ሳያስተካክል ቀረ፤ ፍርድ ቤቱም በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ዳግም ትእዛዝ መስጠት ግድ ሆነበት።

በ1987 የጸደቀው የእኛ ሕገ መንግሥትም ስለ ነፃነት በሚናገረው አንቀጽ 17 እና ስለ ተያዙ ሰዎች በሚናገረው አንቀጽ 19 የሰውየውን ዜግነት አይጠይቅም፤ እዚያም የ48 ሰዓት ገደብ አለ። ሆኖም ከኤርትራ ጋር ጦርነት በነበረባቸው ከ1990 እስከ 1992 ባሉት ዓመታት የኤርትራ ተወላጅ ናችሁ የተባሉ ብዙ ሰዎች ታስረው ተባርረዋል። በሔግ የተሰየመው የካሳ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2004 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን በከፊል ተጠያቂ አድርጓታል። ጎረቤታችንን ያለ ዳኛ አሳልፈን ሰጥተን ለልጃችን ዳኛ ስንጠይቅ ትንሽ ሊያሳፍረን ይገባል።

ሳውዲ ዓረቢያ ግን ሌላ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው መሠረታዊ ሕጓ በአንቀጽ 36 ማንም ከሕግ ውጭ አይታሰርም ቢልም፣ ኢቃማ የሌላት የቤት ሠራተኛ እንደ ደቡብ አፍሪካው ያለ ፍርድ ቤት ዘንድ የምትደርስበት መንገድ የለም። ከኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ የእያንዳንዱን ጉዳይ ለይቶ ያየ ዳኛ አልነበረም።

እንግዲህ የቀረው በር ቆንስላው ነው። በ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት መሠረት የታሰረ ሰው ከጠየቀ ለአገሩ ቆንስላ ሳይዘገይ ሊነገርለት ይገባል። ልጅቱ ይህን ከመሄዷ በፊት ትወቅ። ቤተሰብም ለኤምባሲው ሲያመለክት «ልጄ ጠፋች» ብቻ ሳይሆን የፓስፖርት ቁጥር፣ የተያዘችበትን ቀንና ከተማ፣ የአሠሪዋን ስም ይዞ ይቅረብ። የፓስፖርቱ ፎቶ ኮፒ እናት እጅ ይቀመጥ። ደላላው ስሟን ወይም ዕድሜዋን ለውጦት ከሆነ፣ እውነተኛው ስሟም ፓስፖርቱ ላይ ያለውም ጎን ለጎን ይጻፉ፤ በአንደኛው ስም የሚፈልጓት ቤተሰቦቿ፣ በሌላኛው የተመዘገበችን ታሳሪ አያገኟትምና።