«ሺህ ዓመት ያልተለወጠ» የሚባለው የሐረር ዚክሪ፦ ተረቱና እውነታው

ስለ ሐረር ሙዚቃ በመድረክም በቴሌቪዥንም ሲወራ አንድ አባባል አይቀርም፦ «ከሺህ ዓመት በላይ ሳይለወጥ የቆየ»። ተናጋሪው ይህን የሚለው ለማክበር ብሎ ነው። እኔ ግን ዚክሪውን፣ ማለትም በወሊዮች መካነ መቃብርና በሠርግ ቤት የሚዜመውን የሐረር መንፈሳዊ ዜማ፣ የሚያስከብረው አይመስለኝም። ማንም ሊያረጋግጠው በማይችል ዕድሜ ላይ የተንጠለጠለ ክብር፣ ዕድሜው የተጠየቀ ዕለት አብሮ ይወድቃል። ዚክሪ ደግሞ ለመከበር የተጋነነ ዕድሜ አያስፈልገውም። ስለዚህ በየበዓሉ የሚደጋገሙትን አባባሎች አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

«ዜማው እንዳለ ከጥንት የመጣ ነው»

ለዚህ የሚቀርብ ማስረጃ የለም። ሐረር የመጽሐፍ ከተማ ናት። መጻሕፍቷ በወረቀት ላይ በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ በቆዳ የተጠረዙ ናቸው። አብዛኞቹ በዐረብኛ ሲሆኑ በጥንታዊ ሐረሪ የተጻፉም አሉ። ተመራማሪዎቹ ኤንሪኮ ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ኤቫልድ ቫግነር ደግሞ በ1983 ከእነዚህ የሐረሪ ጽሑፎች መርጠው አሳትመዋል። መጽሐፉ የሚይዘው ግን ቃሉን ነው። ድምፁ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ፣ ከበሮው መቼ እንደሚፈጥን የሚያሳይ ምልክት የለበትም። ያ የተላለፈው ከአፍ ወደ ጆሮ ነው፤ በዚህ መንገድ የሚተላለፍ ዜማ ደግሞ እያንዳንዱ ትውልድ ጥቂት ሲጨምርበት፣ ጥቂት ሲተውበት ይኖራል።

በድምፅ ቅጂ እናረጋግጥ ቢባልም ሩቅ አያስኬድም። በአገራችን ሰው ከተቀረጹት የሙዚቃ ሸክላዎች ቀደምት የሚባሉት፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ያስቀረጿቸው፣ እ.ኤ.አ. የ1908 ገደማ ናቸው። ከዚያ በፊት የሐረር ሌሊት ምን ዓይነት ዜማ ይሰማበት እንደነበር በጆሮው ሰምቶ ሊመሰክር የሚችል ዛሬ የለም።

«የቤተ ክርስቲያኑስ? ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የዜማውን ምልክት ሠርቶለት የለም?» የሚል ይኖራል። ይህም በብዙዎቻችን ዘንድ ተቀላቅሎ የቆየ ነገር ነው። ትውፊት ዜማውን ለያሬድ ይሰጣል። በቃሉ አናት ላይ የሚጻፉትን ምልክቶች የሠሩት ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ የነገሥታቱ ታሪክ ይናገራል። የሙዚቃ ተመራማሪዎቹ ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጀፈሪ ባጠኗቸው ብራናዎችም ምልክት ያለባቸው የሚገኙት ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ገላውዴዎስ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1559 ከሐረሩ አሚር ኑር ሠራዊት ጋር ሲዋጉ ነው። የሐረርን ቅጥር፣ የጀጎልን ግንብ፣ በማሠራት ስማቸው የሚነሣው አሚር እኚሁ ኑር ናቸው። የዜማው ምልክትና የጀጎል ግንብ እኩዮች መሆናቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በተዋጉ ሁለት ወገኖች ዘንድ በአንድ ዘመን አንዱ ዜማው እንዳይጠፋ ሲጽፍ፣ ሌላው ከተማዋ እንዳትጠፋ ሲያጥር ነበር።

«ዩኔስኮ መዘገበው፤ ጥንታዊነቱ ተረጋገጠ»

ሐረር በዩኔስኮ ሁለት ጊዜ ተመዝግባለች፤ ሁለቱ ምዝገባዎች ግን አንድ አይደሉም። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1972ቱ ስምምነት መሠረት ነው። ያ ስምምነት እንደ ግንብና ቤት ያሉ ቦታ የያዙ ቅርሶችን ይመለከታል፤ በእርሱ መሠረት ለምዝገባ የሚቀርብ ቅርስ የጥንት ይዘቱን ምን ያህል እንደጠበቀ ይመረመራል። የሐረሪዎች ዓመታዊ በዓል የሆነው ሹዋሊድ ግን በኅዳር 2016 ዓ.ም. ቦትስዋና ካሳኔ ላይ በተደረገው ጉባኤ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2003ቱ ስምምነት ነው። ይህኛው የሚመለከተው ሕዝብ በተግባር የሚኖረውን፣ ማኅበረሰቡ በየጊዜው እንደገና የሚፈጥረውን ቅርስ ነው። ዕድሜን አይለካም፤ «ንጹሕ» የሚል ማኅተምም አይመታም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሥነ ምግባር መርሕ «ትክክለኛው የማን ነው» የሚለው ክርክር ቅርሱን ለመጠበቅ እንቅፋት እንዳይሆን ያሳስባል።

ስለዚህ ሹዋሊድ የተመዘገበው ያረጀ ስለሆነ ሳይሆን ዛሬም ስለሚኖር ነው። ከረመዳን በኋላ የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ሲያበቃ፣ ሐረሪዎች በአው ሹሉም አሕመድና በአው አክባራ መካነ መቃብሮች ተሰብስበው ለሦስት ቀናት ያከብሩታል። ወጣቶች ይተያዩበታል፤ ይተጫጩበታል። ሐረሪው በየዓመቱ ይህን በማድረጉ የተገኘ ምዝገባ፣ ከየትኛውም የሺህ ዓመት ወሬ የበለጠ የሚያኮራ ነው።

«ሁሉም ከዐረብ የመጣ ነው»

ይህ የሚነገረው በሁለት አፍ ነው፤ አንዱ ሊያከብር፣ ሌላው ሊያናንቅ ይለዋል። መውሊድን ማክበር በእስልምናው ዓለም የተስፋፋ ልማድ መሆኑ እውነት ነው። የሐረር ዚክሪ ግን በዐረብኛ ብቻ አይባልም፤ በሐረሪም በኦሮምኛም ይባላል። ከረቡ የሚባለው ከበሮና ከበል የሚባሉት እየተጋጩ የሚመቱ ጥንድ እንጨቶችም የዚያችው ከተማ ድምፅ ናቸው። የሐረርን መውሊድና ዚክሪ በሰፊው ያጠናው ሲሞኔ ታርሲታኒ እንዳሳየው፣ ዜማው በወሊዮች መካነ መቃብር ብቻ ሳይወሰን ሠርግ ቤት ድረስ ይዘልቃል፤ ሴቶችም የራሳቸው ቡድን አላቸው። ዚክሪው በባሕር የመጣው፣ ከኦሮሞው ጎረቤት የተወረሰውና እዚያው የበቀለው ተጋብተው የወለዱት ነው። ይህን በትነን አንዱን «ንጹሕ»፣ ሌላውን «መጤ» ማለት ከተማዋን አለማወቅ ነው።

«መድረክ ላይ የምናየው ያው ራሱ ነው»

ከሁሉም በላይ መታረም ያለበት ይህኛው ነው እላለሁ።

ሐሙስ ማታ በአው አባድር መካነ መቃብር የሚሆነውን ልብ በሉ። ሰው ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፤ ዕጣን ይጤሳል፣ ቡናው ይቀዳል፣ ጫቱ ይዞራል። መሪው አንድ ስንኝ ያነሣል፤ ቤቱ በሙሉ ተቀብሎ ይመልሳል። መጀመሪያ ዝግ ያለ ነው። ስንኙ በተደጋገመ ቁጥር የከበሉ ምት ይጠብቃል፣ ጭብጨባው ይከተለዋል፣ ከረቡው ይፈጥናል። ጫፍ ሲደርስ ይቆማል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ ሌላ ይነሣል። እንዲህ እየተባለ ሌሊቱ ይገፋል። እዚያ ቤት ተመልካች የለም። ስንኙን የማያውቅ እንኳ ቢሆን ያጨበጭባል፤ ቢያንስ አሚን ይላል።

መድረኩ ላይ ግን አንድ ዓይነት የለበሱ ወጣቶች ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ ታዳሚው ያዞራሉ፤ ኦርጋን ያጅባቸዋል፤ ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ ከመጨረሻው ፍጥነት ይጀመርና በጭብጨባ ያልቃል። ቀስ እያለ የሚያድገው ነገር፣ የዚክሪው ጉልበት የሆነው፣ ቀርቷል። ተቀባዩም ቀርቷል፤ ታዳሚው ይሰማል እንጂ አይመልስም።

ይህ የመድረክ አሠራር የራሱ ታሪክ አለው፤ ያውም አጭር። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ በግብፃዊው አቀናባሪ ሐሊም ኤል ዳብ አማካይነት ሲመሠረት፣ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትን፣ እምቢልታንና ሌሎችንም በአንድ መድረክ አጣመረ። እነዚህ መሣሪያዎች በየአገራቸው በዚያ መልክ አንድ ላይ ተጫውተው አያውቁም ነበር። በኋላ በተስፋዬ ለማ መሪነት ቡድኑ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ የሚወደድ ሙዚቃ ነው፤ አዲስነቱንም አልሸሸገም። ስሕተቱ የመጣው ከጊዜ በኋላ የባህል ቡድን ቅርጽ ራሱ «ጥንታዊ» እየተባለ መቅረብ ሲጀምር ነው።

ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም። በዚያው በ1963 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የመጀመሪያው የአውሮፓ «ህዳሴ ዘመን» ባዛር ተከፍቶ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ብዙ ቦታ እንዲህ ዓይነት ባዛር አለ፤ የሻጩም የዘፋኙም ልብስ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የሚሰማው ግን አብዛኛውን ጊዜ የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአየርላንድ ጭፈራ ዜማ ነው። አንዳንዴ የሚደረደርበት ቡዙኪ ከግሪክ ወደ አየርላንድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። እዚያም ተከራክረውበታል። ሪቻርድ ታሩስኪን የተባለው የሙዚቃ ሊቅ «የጥንቱን እንዳለ እንጫወታለን» የሚሉት አውሮፓውያን በእርግጥ የሚያሰሙት የራሳቸውን ዘመን ጣዕም ነው ብሎ ሞገታቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ጠንቃቃ ተጫዋቾች «ትክክለኛው ይህ ነው» ማለትን ትተው፣ የትኛውን ከሰነድ እንዳገኙ፣ የትኛውን ከራሳቸው እንደሞሉ መናገር ጀመሩ።

ወደ ዚክሪው ስንመለስ፣ ሞንታርቦና ማይክሮፎን አበላሹት የሚሉም አሉ፤ አልስማማም። ድምፅ ማጉላት ሥርዓቱን አይነካም፤ ዱዓውም ቅብብሉም በቦታው እስካለ ድረስ ዚክሪው ዚክሪ ነው። የሚጎዳው ማሳጠሩና ተቀባዩን ወንበር ላይ አስቀምጦ ዝም ማሰኘቱ ነው።

ታዲያ መድረክ መሪው ምን ይበል? የሚያውቀውን። ይህ ዚክሪ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ፣ በየትኛው አዋች (የወሊይ መካነ መቃብር) እንደሚባል፣ ከማን እንደተማሩት፣ ለመድረክ ሲባል የቱ እንዳጠረ ይንገረን። ታዳሚው ተቀባይነቱን ሲያውቅ ይመልሳል፤ ሐረር ላይ የማይመልስ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ማነጻጸሪያም አለ። ጀጎል ውስጥ ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ የሚገኘው የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ከመጻሕፍቱ ሌላ የቆዩ የሐረሪ ዘፈን ቅጂዎችን ሰብስቧል። የካሴት ክር እየቆየ ይበላሻል፤ ሙቀትና አቧራ ያፋጥኑታል። ለበዓል መድረክ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ እነዚህን ወደ ዲጂታል ለመገልበጥና ዘፋኞቹን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና እናቶች በሕይወት እያሉ ስሙን፣ ቦታውንና ዘመኑን ለማስመዝገብ ቢውል፣ ወጣቶቹ የባህል ቡድኖች የሚለማመዱበት እውነተኛ ድምፅ ይኖራቸዋል፤ ዜማው በሃምሳ ዓመት ውስጥ የት እንደተለወጠም ራሳቸው ይሰሙታል።