አልኮሆሊክስ አኖኒመስ
አልኮሆሊክስ አኖኒመስ (በአጭሩ ኤ.ኤ.) ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ የሚሹ ሰዎች እርስ በርስ የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ክፍላገር፣ አክሮን ከተማ ተመሠረተ። ቢል ዊልሰን ለሥራ ወደዚያ በሄደ ጊዜ ወደ መጠጥ እንዳይመለስ ሰግቶ የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ ሲያፈላልግ ከሐኪሙ ቦብ ስሚዝ ጋር ተገናኘ። ስብሰባዎቹ ዛሬም በዚሁ መንገድ ይካሄዳሉ፤ ጠጪ ከጠጪ ጋር ይነጋገራል።

ለአባልነት መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ይበቃል፤ ክፍያ የለም። የአባት ስም አይጠየቅም፤ አዲስ ሰው ዝም ብሎ ቢያዳምጥም ነውር አይደለም። በ«ክፍት» ስብሰባ ቤተሰብም መገኘት ይችላል፤ «ዝግ» የተባለው ግን መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። በአቅራቢያው ቡድን ያጣ ሰው በስልክ ወይም በኢንተርኔት በሚደረጉት ይሳተፋል።

ስብሰባው ሕክምናን አይተካም። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም ለሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊይዘው ስለሚችል፣ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ይኖርበታል።