የመምህሩ 60 ሰዓት

በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ከመደበኛ ሥራው ጎን ለጎን በየዓመቱ 60 ሰዓት ሙያውን ለማሻሻል እንዲያውል ይጠበቅበታል። ይህን የሚለው ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ማዕቀፍ ነው፤ መምህራኑ በአጭሩ «ተሙማ» ወይም «ሲፒዲ» ይሉታል። ርዕሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮችም የሚመሩት በዚሁ ነው። ስድሳ ሰዓት ለአንድ ሰው ሲታሰብ ብዙ አይደለም፤ በ40 ሳምንት ቢካፈል በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ይደርሰዋል። ለሀገር ሲታሰብ ግን ትልቅ ሀብት ነው። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ቁጥር ከግማሽ ሚሊዮን ስለሚበልጥ በየዓመቱ ከ30 ሚሊዮን ሰዓት በላይ የተማረ ሰው ጉልበት ለዚህ ሥራ ተመድቧል ማለት ነው። ከዚህ ጉልበት አብዛኛው ፍሬ ሳይሰጥ የሚያልፈው ሥራው መምህሩ ከሚያስተምርበት ክፍል ውጪ ስለሚሠራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ክርክሩን ለመከተል መጀመሪያ አወቃቀሩን ማወቅ ይጠይቃል። በአንድ አካባቢ ያሉ፣ ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት የሚሆኑ ትምህርት ቤቶች ይጎዳኛሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ የጉድኝት ማዕከል ይሆናል፣ የቀሩት ሳተላይት ይባላሉ። ማዕከሉ የመርጃ መሣሪያዎች ክፍል ይኖረዋል፤ ከካርቶን፣ ከእንጨትና ከሸክላ የተሠሩ የማስተማሪያ መርጃዎች እዚያ ይቀመጣሉ፣ መምህራን እየመጡ ይዋሳሉ፣ በጋራ ይሰበሰባሉ። ለጉድኝቱ ሱፐርቫይዘር ይመደባል። ሐሳቡ ሥር አለው፤ በደርግ ዘመን የአውራጃ ፔዳጎጂ ማዕከላት ተቋቁመው መርጃ መሣሪያ ያዘጋጁ፣ መምህራንም ያሠለጥኑ ነበር። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ድጋፉ ከአውራጃ ወርዶ ወደ ትምህርት ቤቱ እንዲቀርብ ጉድኝቶች ተስፋፉ። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ደግሞ ተሙማ እንደ ዑደት ይካሄዳል፤ መምህራን ክፍተታቸውን ይለያሉ፣ ያቅዳሉ፣ ይተገብራሉ፣ ይገመግማሉ፣ የሠሩትንም በማህደረ ተግባር ይሰንዳሉ። አዲስ የተቀጠረ መምህር ለሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ ያደርጋል፤ በዚህ ጊዜ ልምድ ያለው ባልደረባው አማካሪ ሆኖ ይመደብለታል።

ንድፉ መልካም ነው። መምህሩ ሙያውን በትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ ከሥራው ሳይነጠል፣ ከባልደረቦቹ ጋር እንዲያሻሽል ይላል፤ በሌላው ዓለም የተደረጉ ጥናቶች የደረሱበትም ከዚህ አይርቅም። ችግሩ ከንድፉ በኋላ ይጀምራል። የሀገር ውስጥ ተመራማሪዎች በየክልሉ ደጋግመው እንደታዘቡት ተሙማ ወደ ወረቀት ሥራ ያዘነብላል። ማህደረ ተግባሩ ዓመቱ ሲገባደድ በጥድፊያ ይሞላል፣ ዕቅዱ ካለፈው ዓመት ይገለበጣል፣ ርዕሱም «የተማሪዎች ንቁ ተሳትፎ» ወይም «ተከታታይ ምዘና» ተብሎ ለሒሳቡም፣ ለአማርኛውም፣ ለስፖርቱም መምህር አንድ ሆኖ ይወርዳል። ከላይ የሚመጣው ሥልጠና ደግሞ በእርከን ነው የሚወርደው፤ ፌዴራል ለክልል፣ ክልል ለዞን፣ ዞን ለወረዳ፣ ወረዳ ለጉድኝት። በየእርከኑ ቀኑ ያጥራል፣ የሚያሳየው ሰው ይቀየራል። የመጀመሪያው አሠልጣኝ በተግባር ያሳየው አሠራር መጨረሻ ላይ መምህሩ እጅ ሲደርስ ስለ አሠራሩ የተጻፈ ማስታወሻ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የአዳራሽ ሥልጠናና የክፍል ውስጥ ድጋፍ ጎን ለጎን ሲመዘኑ ምን እንደሚገኝ በደንብ ያሳየው በደቡብ አፍሪካ የተካሄደ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 በኖርዝ ዌስት ክፍለ ግዛት፣ ልጆች በሴትስዋና ቋንቋ ማንበብ በሚጀምሩባቸው የድሃ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ነበር የተሠራው። በዕጣ የተመረጡ 50 ትምህርት ቤቶች ዝርዝር የዕለት ትምህርት ዕቅድና የንባብ መጻሕፍት ተሰጣቸው፤ መምህራኑም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ቀን፣ አንድ ቦታ ተሰብስበው ሠለጠኑ። ሌሎች 50 ትምህርት ቤቶች ያንኑ ዕቅድና ያንኑ መጽሐፍ አገኙ፤ ለእነሱ ግን ዋናው ድጋፍ ንባብ ማስተማር የሚያውቅ ባለሙያ በየወሩ ክፍላቸው ድረስ መጥቶ ሲያስተምሩ ማየቱና ከትምህርቱ በኋላ አብሯቸው መነጋገሩ ነበር። 80 ትምህርት ቤቶች ምንም ሳይጨመርላቸው ለማነጻጸሪያ ቀሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሠለጠኑት መምህራን ተማሪዎች በንባብ ጥቂት ተሻሽለው ተገኙ፤ ባለሙያ ክፍላቸው ድረስ የመጣላቸው ግን መሻሻላቸው ከዚያ እጥፍ ነበር። የክፍል ውስጥ ድጋፉ ወጪው ይበልጣል፤ በወጣው ገንዘብ ልክ የተገኘው ውጤት ሲሰላ ግን ብልጫው አሁንም የእሱ ነው። ከውጤቱ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ የልዩነቱ ምክንያት ነው። ተማሪዎችን በትናንሽ ቡድን ከፋፍሎ እያንዳንዱን ማስነበብ የሚባለውን ከበድ ያለ አሠራር በይበልጥ የሞከሩት ባለሙያ የሚጎበኛቸው መምህራን ነበሩ። ከባዱን ነገር ለመሞከር አጠገብ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ለምን እንደሚሆን በእኛው ፊደል ማየት ይቻላል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ የአንደኛ ክፍል መምህር ይህን ሁሉ ለስድሳ ወይም ለሰባ ልጅ ያስተምራል። የተለመደው መንገድ ሰሌዳ ላይ እየጠቆሙ ክፍሉን በአንድ ድምፅ ማስባል ነው። ልጆቹ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ» እያሉ አብረው ይወርዳሉ፤ ከፊት ለቆመው መምህር ክፍሉ የሚያነብ ይመስላል። ከመካከላቸው ግን ቅደም ተከተሉን በዜማ የያዘ፣ ፊደሉን ለይቶ የማያውቅ ልጅ ይኖራል፤ በጋራው ድምፅ ውስጥ ተሸሽጎ ሁለትና ሦስት ክፍል ያልፋል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ይህን ያያል። የልጁ ዓይን ሰሌዳው ላይ አለመሆኑንና አፉ ከጓደኞቹ ዘግይቶ መንቀሳቀሱን ያስተውላል፤ የትኛው ልጅ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ አንዴም ስሙ እንዳልተጠራ ይቆጥራል። የቀድሞው የቄስ ትምህርት ይህን ችግር ያውቀው ነበር። ልጁ ሀሁን በተራ ከወጣ በኋላ ወዲያው ወደ ንባብ አይገባም፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ ሰያፍ ተራውን በሚከተለው አቡጊዳ በኩል ያልፋል፤ የኔታም አንድ በአንድ ፊታቸው አስቀርበው ያዳምጣሉ። በተራው የሸመደደ አቡጊዳ ላይ ይጋለጣል። ዛሬ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ይህን ብልሃት ከአዳራሽ ንግግር ሊሰማው ይችላል፤ በክፍሉ ውስጥ የትኞቹ አሥራ አምስት ልጆች እንደሚያስፈልጋቸው የሚነግረው ግን ክፍሉን ያየ ሰው ብቻ ነው።

ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ድረስ እየሄደ መምህሩን ያግዝ በሚለው ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ የርቀት ነው። ሱፐርቫይዘሩ በእግሩ ይሄዳል፣ ትምህርት ቤቶቹ ይራራቃሉ፣ መምህሩ ብዙ ነው፤ ሁሉንም ሊደርስ አይችልም ይባላል። እውነት ነው፤ ሁሉንም እንዲደርስ መጠየቅም የለበትም። ስድስት ትምህርት ቤት ባለው ጉድኝት እያንዳንዱ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ሁለት ሁለት ምድብ ቢኖረው 36 ክፍሎች ይሆናሉ። በቀን ሁለት ክፍል ቢታይ 18 የሥራ ቀን ይፈጃል፤ በየወሩ ባይሆን በየስድስት ሳምንቱ እያንዳንዱን መምህር ማግኘት ይቻላል። የሚቀድመው ንባብና ስሌት የሚመሠረትበት እርከን ነው፤ እዚያ የተበላሸውን ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ማቃናት ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2015 በሀገር አቀፍ ደረጃ የጀመረችው ቱሶሜ የተባለ የንባብ መርሐ ግብር የተደገፈው በመንግሥት መዋቅር ውስጥ ቀድሞውኑ በነበሩ የአካባቢ የትምህርት ባለሙያዎች ነው። ክፍል ገብተው ላዩበት ጉብኝት የትራንስፖርት ወጪያቸው ይሸፈን ነበር፤ ያዩትንም በታብሌት ይመዘግቡ ነበር። በስልክና በታብሌት ከሩቅ ማገዝስ አይበቃም ወይ ለሚለው፣ ደቡብ አፍሪካ በሌላ ክፍለ ግዛት ሞክራው በመጀመሪያ ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነበር፤ ዓመታት ሲቆጠሩ ግን በአካል የተጎበኙት ክፍሎች በንባብ ብልጫ አሳዩ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። መምህሩ የሚያስተምረውን የትምህርት ዓይነት ራሱ በቅጡ ካላወቀ አጠገቡ መቆም ምን ይፈይዳል? ጥያቄው ባዶ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም የመምህራን የትምህርት ይዘት ዕውቀት አንዱ መሆኑን ማንም አይክድም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ክረምት የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን በየዩኒቨርሲቲው ሰብስቦ በሚያስተምሩት ትምህርትና በማስተማር ሥነ ዘዴ ያሠለጠነውም ለዚህ ነው። ይዘት በኮርስ መማር አለበት፤ ክፍልፋይ የማይገባውን የሒሳብ መምህር ከኋላ ወንበር ሆኖ ማዳን አይቻልም። ስለዚህ ክረምቱ ይቀጥል። የኔ ጥያቄ ስለ መስከረም ነው። ያ መምህር ከዩኒቨርሲቲ ተመልሶ ክፍል ሲገባ የተማረውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞክር የሚያየው ሰው ከሌለ፣ ሙከራው ሲበላሽበት ወደለመደው ይመለሳል፤ የክረምቱ ወጪም አብሮ ይቀልጣል።

እዚህ ላይ ለኔ ክርክር የማይመቸውን ማስረጃም ማስቀመጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪው ማቲው ክራፍትና ባልደረቦቹ በክፍል ውስጥ ድጋፍ ላይ የተሠሩ 60 ጥናቶችን አንድ ላይ መዝነው የማስተማር ጥራትንም የተማሪዎችን ውጤትም እንደሚያሻሽል አግኝተዋል፤ ነገር ግን መርሐ ግብሩ እየሰፋና የሚደገፉት መምህራን ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ጥቅሙ ጉልህ በሆነ መጠን ይቀንሳል። ሃምሳ ጎበዝ አሠልጣኝ መምረጥ ይቻላል፤ ሺዎችን መምረጥ ሌላ ነው። በእኛም ዘንድ ሱፐርቫይዘርነት ብዙ ጊዜ በአገልግሎት ዓመት ብዛት የሚሰጥ ቦታ ስለሚመስል፣ የመጀመሪያ ክፍል ልጅ ማስነበብ ያልሞከረ ሰው የአንደኛ ክፍልን መምህር እንዲያግዝ ሲመደብ ይታያል። ቦታው በክፍል ውስጥ ብቃቱ ለታየ መምህር መሰጠት አለበት፤ ያም ሰው ሪፖርት በማጠናቀር ሳምንቱን እንዳይጨርስ ወረዳው የሚጠይቀውን ቅጽ መቀነስ አለበት።

ሦስተኛው ነገር ፍርሃት ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። መምህር ሲታይ የማይወደው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የመምህሩ ዕድገት ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ በመለስተኛ መምህር፣ በመምህርና በከፍተኛ መምህር በኩል ወደ መሪ መምህርነት የሚወጣ እርከን ነው፤ እርከኑ ደመወዝን ይወስናል፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘናው ደግሞ እርከኑን። ክፍል የሚገባው ሰው ነጥብ የሚሞላ ከሆነ መምህሩ ለዚያ ቀን የተዘጋጀ ትምህርት ያሳየዋል፤ የሚያውቁ ልጆች እጅ ያወጣሉ፣ መርጃ መሣሪያው ይሰቀላል፣ ደካማው ልጅ አይጠራም። የታየው ነገር በሙሉ ጥሩ ሲሆን ማንም ምንም አልተማረም። ስለዚህ ሁለቱን ሥራዎች መለየት ያስፈልጋል። ምዘናው ለርዕሰ መምህሩ ይቆይ፤ ሱፐርቫይዘሩ ወይም አማካሪው በክፍል ውስጥ የጻፈው ማስታወሻ በመምህሩ ዘንድ ይቅር፣ ከግል ፋይሉም አይግባ። ይህ ተጠያቂነትን ያላላል የሚሉ አሉ። የሚመዘነው ሰው ግን አሁንም ይመዘናል፤ የሚቀረው መምህሩ ያልገባውን ነገር ያልገባው መሆኑን ሲናገር የሚደርስበት ቅጣት ነው።

ኑሮው ሳይሻሻል ስለ ሙያ ማሻሻል ማውራት ምን ዋጋ አለው የሚለውም ትክክለኛ ብሶት ነው። የክፍል ጉብኝት የደመወዝ ምትክ ሆኖ መቅረብ የለበትም፤ የመምህሩ ኑሮ በራሱ ምክንያት መስተካከል አለበት። ስድሳው ሰዓት ግን ዛሬም ከመምህሩ ላይ እየተወሰደ ነው፤ ለሚጠቅመው ነገር ይዋል ማለት ተጨማሪ ሸክም መጫን አይደለም።

ከየት ይጀመር ቢባል የምመርጠው የጀማሪ መምህራንን የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ ነው። ገና ልማድ ያልያዘ መምህር ነው፣ አማካሪውም እዚያው ግቢ ውስጥ ስላለ መኪናም አበልም አይፈልግም። እንቅፋቱ ጊዜ ነው፤ አማካሪው ሙሉ ክፍለ ጊዜውን እያስተማረ ጀማሪው በሚያስተምርበት ሰዓት ሌላ ክፍል ውስጥ ይሆናል፣ ሳይተያዩ ቅጹ ላይ ይፈራረማሉ። ለአማካሪው በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢቀነስለት፣ በአንዱ የጀማሪውን ክፍል ገብቶ ያያል፣ በሌላው ጀማሪው የእሱን ክፍል ካየ በኋላ ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። በ40 ሳምንት 80 ክፍለ ጊዜ ይሆናል፤ አንዱ 40 ደቂቃ ሲታሰብ 53 ሰዓት ገደማ ነው፣ ማዕቀፉ የሚጠይቀውን 60 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው። አዲስ መመሪያ አይጠይቅም፤ ርዕሰ መምህሩ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ሲያወጣ በዚያው ሰንጠረዥ ላይ የሚወስነው ነገር ነው።