በደብተር የኖሩ ግጥሞች

አንዲት ልጃገረድ ከትምህርት ቤት ስትሰናበት ወይም ባል አግብታ ከትውልድ መንደሯ ስትርቅ ጓደኞቿ ምን ማስታወሻ ይሰጧታል? ይህ ጥያቄ በ19ኛው መቶ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ቢነሳ የብዙዎቹ መልስ «በደብተሯ ላይ ግጥም» የሚል ይሆን ነበር።

ደብተሩ አብዛኛውን ጊዜ በቆዳ የተደጎሰ፣ ገጾቹ ባዶ የሆኑ ጥራዝ ነው። ባለቤቲቱ ለወዳጆቿ በየተራ ታውሳለች፤ እነርሱም ስንኝ ጽፈው፣ ስማቸውንና ቀኑን አስፍረው ይመልሱላታል። ከመጽሐፍ የምትገለብጥም፣ ራሷ የምትገጥምም አለች። በገጾቹ መካከል የደረቀ አበባ ወይም የተጎነጎነ ጸጉር ማኖርም የተለመደ ነበር። አንባብያን ሆይ፣ ግጥሞቹ ሁሉ የበሰሉ ናቸው ብላችሁ ግን አትጠብቁ፤ ብዙዎቹ «አትርሺኝ» ከማለት አያልፉም። ይሁንና በጋሪ ወደ ምዕራብ የተጓዘች ጓደኛ ዳግመኛ ላትታይ በምትችልበት፣ ወሊድም ብዙ እናቶችን ይቀጥፍ በነበረበት ዘመን «አትርሺኝ» ቀላል ቃል አልነበረም።

ለጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። በበርካታ የደቡብ ግዛቶች ባሪያን ፊደል ማስቆጠር በሕግ በተከለከለበት ጊዜ፣ የፊላዴልፊያዋ ኤሚ ማቲልዳ ካሲ እ.ኤ.አ. ከ1833 ጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ የወዳጆቿን ጽሑፍ በደብተሯ አሰባስባለች። መምህርት ሣራ ማፕስ ዳግላስ አበባ ሥላበታለች። በ1838 ከባርነት ያመለጠው ፍሬዴሪክ ዳግላስም ጽፎበታል። የጥቁርን ሕዝብ አእምሮ በጨለማ ለማስቀረት ለተነሣ ሥርዓት ከዚህ የበለጠ ጨዋ መልስ ያለ አይመስለኝም። ደብተሩ ዛሬ በዚያው በፊላዴልፊያ «ላይብረሪ ካምፓኒ» በተባለው ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ወዳጅ ሳትጋብዝ ለብቻዋ የጠረዘችም ነበረች፤ የአምኸርስቷ ኤሚሊ ዲክንሰን። ይህች ሴት ከ800 በላይ ግጥሞቿን በንጹሕ ገልብጣ፣ ወረቀቱን በመርፌና በክር እየሰፋች 40 ትንንሽ ጥራዞች አበጅታለች። ነጠላ ግጥሞችን በደብዳቤ ለወዳጆቿ ትልክ ነበር፤ የጽሑፏን ብዛት ግን አብራት የኖረችው እህቷ ላቪኒያ እንኳ ያወቀችው ኤሚሊ በ1886 ከሞተች በኋላ ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1890 ሲታተም አዘጋጆቹ ቃላቷንና ሥርዓተ ነጥቧን ለዘመኑ ጆሮ እንዲስማማ ለዋወጡት። የጥራዞቹም ክር ተፈትቶ ቅደም ተከተላቸው ተዛባ። ራልፍ ፍራንክሊን የተባለ ምሁር የመርፌውን ቀዳዳና የወረቀቱን እድፍ እያመሳከረ፣ በ1981 ጥራዞቹን እርሷ በሰፋቻቸው ተራ መልሶ በገዛ እጅ ጽሑፏ አሳተማቸው።