ሳይወዛወዝ የሚያጎላ ማጉያ

የቴል አቪቭ ቀላል ባቡር ቀይ መስመር ባቡሮች የሚያድሩትና የሚጠገኑት በፔታ ቲክቫ፣ ኪርያት አርዬ በሚባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር ነው። 24 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ይህ መስመር በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። እንደ አዲስ አበባው ቀላል ባቡር ሁሉ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። እንዲህ ያለ ባቡር በሥርዓት እንዲነሳና እንዲቆም ሞተሩ የሚስበው ከረንት ያለማቋረጥ መለካት አለበት። ሴንሰሩ የሚሰጠው ትንሽ ቮልቴጅ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ከቁጥር ሌላ አያውቅም። ቮልቴጁን የሚያሳድገው ማጉያ (አምፕሊፋየር)፣ ወደ ቁጥር የሚቀይረው ደግሞ መለወጫ ይባላል። ሁለቱን አስማምቶ ማሠራት ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው።

መለወጫው በጣም ጥንቁቅ ዕቃ ነው። ባለ 16 ቢት ከሆነ 5 ቮልትን በ65,536 ደረጃ ይከፍለዋል፤ አንዱ ደረጃ 76 ማይክሮቮልት ገደማ ይሆናል። ማጉያው ከዚህ ትንሽ አልፎ ቢንቀጠቀጥ የመጨረሻዎቹ ቢቶች የሚናገሩት ስለ ሞተሩ መሆኑ ይቀርና ስለ ማጉያው ይሆናል።

ታዲያ ማጉያ ለምን ይንቀጠቀጣል? ምክንያቱ ከዋና ጥንካሬው የሚመጣ ነው። በ1927 የቤል ላብስ መሐንዲስ ሃሮልድ ብላክ በጀልባ ወደ ሥራው ሲሻገር አንድ ሐሳብ መጣለትና በያዘው ጋዜጣ ላይ ነደፈው፦ ከማጉያው ውጤት ጥቂቱን ገልብጦ ወደ መግቢያው መመለስ። የማጉላት ኃይሉ ይቀንሳል፤ ታማኝነቱ ግን እጅግ ይጨምራል። ችግሩ የሚመለሰው ሲግናል መዘግየቱ ነው። በአንድ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ላይ መዘግየቱ ግማሽ ዑደት ሲሞላ፣ ሊያርም የተላከው ተመልሶ የሚያባብስ ይሆናል። በዚያ ድግግሞሽ ላይ የሲግናሉ ጉልበት በዚህ የመውጣትና የመመለስ ዙር ውስጥ ካልሳሳ ማጉያው ማንም ሳይነካው በራሱ ይወዛወዛል። በአዳራሽ ውስጥ ማይክ ወደ ስፒከር ሲጠጋ የሚሰማው ጩኸትም ከዚሁ ዓይነት ዙር የሚወለድ ነው። መሐንዲሱ ሃሪ ናይኩዊስት በ1932 የመወዛወዙን ወሰን በሒሳብ አስቀመጠ። በ1968 የወጣው ዝነኛው 741 ማጉያ ደግሞ 30 ፒኮፋራድ ካፓሲተር በውስጡ ይዞ መጣ፤ ሥራው ኃይሉን ቀድሞ ማሳሳት ነበር።

ከመለወጫ ጋር ሲገናኝ ግን ነገሩ ይከብዳል። ብዙ መለወጫዎች በውስጣቸው ትንሽ ካፓሲተር አላቸው፤ ናሙና ሊወስዱ ማብሪያቸውን በዘጉ ቁጥር ያ ካፓሲተር ከማጉያው ላይ ቻርጅ ይነጥቃል። ቮልቴጁ ድንገት ይሰበራል፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ማይክሮሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥም ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ለ16 ቢት ስሕተቱ ከግማሽ ደረጃ በታች እንዲወርድ በማጉያውና በመለወጫው መካከል የሚገባውን የሬዚስተርና የካፓሲተር አጣሪ የጊዜ ቋሚ 12 እጥፍ ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል።

መፍትሔው ከመለወጫው መግቢያ ላይ ሌላ ትልቅ ካፓሲተር ማስቀመጥ ነው፤ ንጥቂያውን ከራሱ ክምችት ይሸፍናል። ይሁን እንጂ ያው ካፓሲተር በቀጥታ ማጉያው ላይ ሲጫን መዘግየትን ይጨምርና ዙሩን ያናጋል። ስለዚህ በመካከላቸው ከአሥር እስከ መቶ ኦም የሚደርስ ሬዚስተር ይገባል። ሬዚስተሩ ሲያንስ ማጉያው ይወዛወዛል፤ ሲበዛ ቮልቴጁ በጊዜው አይደርስም። ዲዛይን የሚባለው ሥራ አብዛኛው በዚህ ጠባብ ቦታ ላይ የሚደረግ ነው። ብዙዎች በመጀመሪያ ዳታሺቱ ላይ ፈጣኑን ማጉያ ይመርጣሉ። እኔ ግን ከካፓሲተሩ መጀመር ይሻላል እላለሁ፦ መለወጫው ምን ያህል እንደሚነጥቅ፣ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ፣ ከዚያ ሬዚስተሩ፣ ማጉያው በመጨረሻ። ከሚያስፈልገው በላይ ፈጣን ማጉያ ተጨማሪ ጫጫታ ያስገባል፤ ለመወዛወዝም ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ፍተሻው በአነስተኛ ስኩዌር ሲግናል ይጀመራል፤ መቶ ሚሊቮልት ይበቃል። ትልቅ ሲሆን ማጉያው ከፍጥነቱ ጣሪያ ስለሚደርስ ጉድለቱ ይሸፈናል። በኦሲሎስኮፕ ላይ መስመሩ ከደረጃው አልፎ ደጋግሞ ከተርገበገበ መረጋጋቱ አጠራጣሪ ነው። ይህን ያለፈ ማጉያም መለወጫው እየሠራ መፈተን አለበት። መግቢያው ላይ የረጋ ቮልቴጅ ሰጥቶ የሚወጡትን ብዙ ሺህ ቁጥሮች መቁጠር ነው። ቁጥሮቹ መሃል ላይ ተከማችተው ወደ ዳር እየሳሱ ከሄዱ ተራ ጫጫታ ነው። መሃሉ ሳስቶ በሁለቱ ዳርቻዎች ከተከመሩ ግን ማጉያው እየተወዛወዘ ነው፤ ሬዚስተሩ እንደገና ይመረጥ።