ወለቃ፦ ለአገሩ ማረሻ እየሠራች በሰው መሬት ያረሰች መንደር

ከጎንደር ከተማ ወጥቶ ወደ ዳባትና ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ስሜን ተራሮች የሚሄድ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ወለቃ ይደርሳል። በመንገዱ ዳር የሸክላ ዕቃ ተደርድሮ ይታያል፤ ትንንሽ ጀበናዎች፣ አንበሶች፣ የዳዊት ኮከብ ያለባቸው ምስሎች። ለቱሪስት ተብሎ የወጣው ስም ደግሞ የቤተ እስራኤል ሰው ሲሰማው ቅር የሚለው ያው የድሮው ስም ነው፤ «የፈላሻ መንደር»። ቱሪስቱ ይወርዳል፣ አንድ ሁለት ዕቃ ይገዛል፣ ፎቶ ያነሳል፣ መንገዱን ይቀጥላል።

ወለቃን አየሁ ብሎ ነው የሚሄደው። የሸክላ ሠሪዎች መንደር መሆኗን ለጓደኞቹ ይነግራል። እዚህ እስራኤል የተወለዱ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ቤት የሚያውቁት ይኸንኑ ነው፤ አያቶቻችን ሸክላ ይሠሩ፣ ብረት ይቀጠቅጡ ነበር ይላሉ። ውሸት አይደለም። ግን አያትየው ራሳቸው ሥራዎ ምን ነበር ተብለው ቢጠየቁ፣ ከሸክላውም ከብረቱም በፊት የሚመልሱት «ገበሬ ነበርኩ» ብለው ነው።

አገሩ ለእርሻ የተመቸ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው፤ አየሩ ወይና ደጋ፣ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ወደ ሰሜን በወገራ በኩል ብርዱ ይጠነክራል፣ ገብስና ባቄላ ይበዛል። ወደ ደቡብ ሲወርዱ የደምቢያ ሜዳ እስከ ጣና ሐይቅ ይዘረጋል፤ ጥቁር አፈሩ ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል። በምዕራብ በኩል አርማጭሆና ቋራ ወደ ቆላው ይወርዳሉ፣ እዚያ ማሽላው ነው። ዳጉሳውንማ ማን ይረሳዋል። የቤተ እስራኤል መንደሮች በዚህ ሁሉ አገር ላይ ተበታትነው ነበር። ብዙዎቹ ጥቂት ጎጆዎች ብቻ ነበሩ፣ ብዙዎቹም ወንዝ አጠገብ። ያለ ውሃ የኦሪትን የንጽሕና ሕግ መጠበቅ አይቻልማ። ከገበያ የተመለሰ ሰው ታጥቦ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው፤ የመርገም ጎጆውም ከመንደሩ ዳር በድንጋይ ታጥሮ ይቆማል።

መሬቱ ግን የማን ነበር?

በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት አፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን በጦርነት ካሸነፉ በኋላ፣ ጥምቀት ያልተቀበለ ሰው የአባቱን ርስት አይወርስም ብለው ማወጃቸው በታሪክ ይነገራል። «ፈላሻ» የሚለውን ስም ብዙዎች ከዚያ አዋጅ ጋር ያያይዙታል፤ ርስት የሌለው፣ ፈላሲ ለማለት። ጦርነቱ ግን በዚያ አላበቃም። በስሜን ተራሮች እስከ አፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እስከ 17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ቀጥሏል። የሱስንዮስ ልጅ አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. (1636 እ.ኤ.አ.) ጎንደርን ዋና ከተማ ሲያደርጉ፣ ቤተ እስራኤል በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በብረት ሥራ በከተማይቱ ግንባታ እንደተሰማሩ የታሪክ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ዛሬ ቱሪስት የሚጎበኘው ቤተ መንግሥትና የወለቃ ሸክላ እንግዲህ በአንድ ታሪክ የተያያዙ ናቸው። የእጅ ሥራው የተስፋፋው መሬቱ በመወሰዱ ነው።

ርስት የሌለው ገበሬ የሰው መሬት ያርሳል። ውሉ እንደየአገሩ ይለያያል፤ እኩል አራሽ አለ፣ ሲሶ አራሽ አለ። ጉልበቱን ያፈሰሰው ገበሬ ነው፤ እህሉ አውድማ ላይ ሲሰፈር ግን ባለርስቱ ወይም ወኪሉ ቆሞ ድርሻውን ይቆጥራል። ከባለርስቱ ጋር ከተጣሉ በሚቀጥለው ዓመት ማሳው ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ዛፍ ተክሎ፣ ድንጋይ ለቅሞ፣ እርከን ሠርቶ መሬቱን ያሻሻለ ሰው ለልጁ የሚያወርሰው የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የአገሩ ገበሬ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እርፉን፣ ሞፈሩን፣ ድግሩንና ቀንበሩን ከእንጨት ይጠርባል፤ ምራኑን ከቆዳ ያወጣል። ማረሻውና ወገሉ ግን ብረት ናቸው። ማረሻ ደግሞ ድንጋያማ መሬት ላይ ቶሎ ይዶለዱማል፣ ያልቃል፣ ይሰበራል። ክረምቱ ሲቃረብ ማረሻውን ተሸክሞ የሚመጣው ወደ ቤተ እስራኤሉ ባለእጅ ነው። አንዱ ወናፉን ይነፋል፤ ብረቱ ሲግል በጉጠት ተይዞ መስፍ ላይ ይወጣል፣ መዶሻው ይወርድበታል። የተሳለው ማረሻ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚጮኸውን ድምፅ በልጅነቱ የሰማ ሰው እስከ ዛሬ አይረሳውም። ክፍያው ብዙ ጊዜ እህል ነበር። ማጭዱም፣ መጥረቢያውም፣ ቢላዋውም የሚሠራው እዚያው ነው።

ወለቃና እንደ ወለቃ ያሉት መንደሮች አንድ ክረምት እሳታቸውን ቢያጠፉ ኖሮ የዙሪያው እርሻ ይቸገር ነበር። ማረሻውን የሚሠራው ሰው ግን በዚያው ማረሻ የሚያርሰው የራሱ መሬት አልነበረውም። እንዲያውም ጠዋት ማረሻውን አሳልቶ የሄደ ጎረቤት ማታ ልጁን «ከቡዳ ዓይን» ይደብቃል፤ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይባላል። ከብት ሲታመም፣ ሕፃን ሲያተኩሰው ጣት የሚቀሰረው ወደ ባለእጁ ቤት ነበር። ይህን የሚያነቡ ብዙ አባቶችና እናቶች ያንን ቃል በገዛ ጆሯቸው ሰምተውታል።

ክፉው ብቻ ነበር ማለት ደግሞ ልክ አይሆንም። አንድ በሬ ያለው ከአንድ በሬ ባለቤት ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል፤ ደቦና ወንፈል ሃይማኖት ሳይለይ የሚያገናኝበት ጊዜ ነበር። ክርስቲያን ጎረቤት ሠርግ ሲደግስ ለቤተ እስራኤል እንግዶቹ ከብት ለብቻ ይሰጣል፣ እነሱም በራሳቸው ሥርዓት ያርዳሉ። «አትንኩኝ» የሚባለውን የንጽሕና ሕጋቸውን እየሳቀም ቢሆን የሚያከብርላቸው ብዙ ነበር።

ሸክላው የሴቶች ሥራ ነው። አፈሩ ተቆፍሮ ይመጣል፣ ይፈጫል፣ ይቦካል፤ ከዚያ ያለ ምንም መሽከርከሪያ በእጅ ብቻ ይታነጻል። ሲደርቅ ተወልውሎ በደጅ እሳት ይተኮሳል። ምጣድ፣ ድስት፣ እንስራ፣ ጋን፣ ጀበና፤ የጎንደር ጓዳ ያለ እነዚህ እናቶች እጅ አይሞላም ነበር። ለቱሪስት የሚሸጡት ትንንሽ ምስሎች የመጡት በኋላ፣ በ20ኛው መቶ ዘመን፣ የውጭ እንግዳ መምጣት ሲጀምር ነው። ገበያው ራሱ ችግር ነበረው። የጎንደር ትልቁ ገበያ ስሙ «ቅዳሜ ገበያ» ነው። ሰንበትን የሚያከብር ሰው እንግዲህ አገሩ ሁሉ በሚገበያይበት ቀን ቤቱ ይቀመጣል። በረከቴው ተጋግሮ፣ እሳቱ ጠፍቶ፣ ቄሱ ጸሎት እየመሩ ቀኑ ያልፋል። ዕቃው በሌላ ቀን ይሸጣል፣ ወይም ገዢው ራሱ መንደር ድረስ ይመጣል።

ገበሬ መሆን ምን ያህል ክፉ ዕጣ ሊያመጣ እንደሚችል ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የነበረው «ክፉ ቀን» አሳይቷል። ደርቡሾች ጎንደርን ያቃጠሉት በ1880 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዘመን የከብት በሽታ ገብቶ በሬዎቹን ፈጀ። በሬ ሲያልቅ እርሻው ቆመ፣ ረሀብ ተከተለ። ያኔ ያልተጎዳ የለም፤ ሆኖም መሬት የሌለው ሲራብ ሸጦ ወይም አስይዞ የሚተርፍበት ነገር ስለሌለው ጉዳቱ የባሰ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩ ብዙ የቤተ እስራኤል መንደሮች ባዶ ቀርተዋል።

ከዚህች ትንሽ መንደር የወጡት አቶ ዮና ቦጋለ ናቸው። ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች ወደ ውጭ ወስደው ካስተማሯቸው ወጣቶች አንዱ ነበሩ፤ ኢየሩሳሌምና ጀርመን ተምረው ተመልሰዋል። በኋላም ለሕዝባቸው ትምህርት ቤቶች ሲደክሙ ኖረው በ1979 እ.ኤ.አ. እስራኤል ገቡ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. አረፉ። ከሳቸው በፊት የተማሩት ፕሮፌሰር ታምራት አማኑኤል ደግሞ የደምቢያዋ የጄንዳ ልጅ ናቸው። በ1955 እና 1956 እ.ኤ.አ. ከአገሩ ተመርጠው ክፋር ባትያ የተማሩት 27 ወጣቶችም ብዙዎቹ ተመልሰው መምህር ሆነዋል። በአምቦበር ትምህርት ቤት ቆሞ ነበር፤ ስግድም በዚያ አካባቢ ተራራ ላይ በትልቁ ይከበር ነበር። ከየመንደሩ በእግር፣ በበቅሎ የመጣው ሰው ኦሪት ሲነበብ ሰምቶ፣ ጾሙን ፈትቶ ይመለሳል። ወቅቱ ኅዳር ነው፤ እህሉ ደርሶ አጨዳ የሚጠብቅበት። ስግዱን የሚያስታውስ ሽማግሌ የእህሉንም ሽታ አብሮ ያስታውሳል።

መሬቱ የመጣው በ1967 ዓ.ም. ነው። የካቲት 25 ቀን ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት የሚያደርገውን አዋጅ አወጣ። ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ ቢበዛ እስከ 10 ሄክታር ድረስ እንዲይዝ ተፈቀደ። መሸጥ መለወጥ አይቻልም፣ በሕግ የመንግሥት ነው። ቢሆንም ለዘመናት ሲሶና እኩል ሲሰፍር ለኖረ ሰው፣ ያረሰውን ሁሉ ወደ ገዛ ጎተራው ማስገባት ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ማስረዳት አያስፈልግም። ባለርስቶቹ ግን ነገሩን ዝም ብለው አልተቀበሉትም። ከደርግ ጋር የተዋጉት ኢዲዩና ሌሎቹ ድርጅቶች በጎንደር ሲንቀሳቀሱ የቤተ እስራኤል መንደሮች በመካከል ገቡ፤ በዚህም በዚያም ተጠረጠሩ፣ ተዘረፉ። ጥቂት ወንዶች ልጆችም በግድ ወደ ጦር ሜዳ አልሄዱም።

ርስት ያገኘ ትውልድ ርስቱን ብዙ አልቆየበትም። አንዳንዱ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላውም። ብዙዎች በሬያቸውን ሸጠው፣ ያልሸጡትም ለጎረቤት ትተው፣ ሌሊት ተነስተው ወደ ሱዳን ተጓዙ። በመንገዱና በሱዳን መጠለያ ሰፈሮች ያለቀው ሕዝብ 4,000 ገደማ እንደሚሆን ይገመታል፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ ነው። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ፣ ኋላም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም ገባ። በሁለተኛው ዘመቻ ብቻ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ተጓጉዟል። ወለቃ ባዶዋን ቀረች።

እዚህ ሲደርሱ ገበሬዎቹ ማንም ገበሬነታቸውን አልጠየቃቸውም። ከመርካዝ ቅሊጣ ወጥተው አብዛኞቹ የገቡት ወደ ከተማ ሕንጻ ነው፤ ወደ ሞሻብ የሄደው ጥቂት ነው። ዕድሜ ልኩን ያረሰ ሰው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጠ፤ ቅጥር ሥራ ያገኘውም ወይ በፋብሪካ ነው ወይ በጽዳት። «ሙያ የለውም» ተብሎ በቅጽ ላይ የተመዘገበው ሰው አፈር አይቶ የሚዘራበትን እህል የሚለይ፣ ደመና አይቶ ዘር የሚያወጣ፣ በሬ ሲያነክስ ሰኮናውን አይቶ የሚያክም ነበር። አሁን በየከተማው ከሕንጻ ሥር ባለች ቁራጭ መሬት ላይ ጎመንና ቃሪያ የሚኮተኩቱ ሽማግሌዎች የሚታዩት ለዚህ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ አንዳንዴ ይፈቅዳል፣ አንዳንዴ ይነቅላል።

ዛሬ ወለቃ ላይ ሸክላውን ሠርተው የሚሸጡት ሌሎች ናቸው፤ ሙያው ለጎረቤት ቀርቷል። የድሮው ጸሎት ቤት ለጎብኚ ይታያል። ማሳዎቹን የሚያሳይ ግን የለም፤ የእያንዳንዱ ማሳ ስም፣ የትኛው ማን እንዳረሰው፣ ከ1967 በፊት ባለርስቱ ማን እንደነበር የሚያውቁት ሬሆቦት፣ ሐዴራ፣ ናታንያና ቂርያት ማላኪ ያሉ ሰዎች ናቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል። ቃላቸውን የቀዱ ሰዎችና ተቋማት አሉ፤ የሚጠይቋቸው ግን በአብዛኛው ስለ ጉዞው፣ ስለ ሱዳን፣ ስለ በዓላቱ ነው። ስለ ወገልና ስለ ምራን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጠይቆ ቢሰማም ቃሉን በዕብራይስጥ ምን ብሎ ይጽፈዋል?

ከእስራኤል ተነስተው አገሩን ለመጎብኘት የሚሄዱ ቤተሰቦች አሉ። የልጅ ልጆቹ ሸክላው ጋ ቆመው ፎቶ ሲነሱ፣ ሽማግሌው ጸሎት ቤቱን ተሳልመው ወደ ማሳው ቁልቁል ይወርዳሉ። እዚያ የሚያርሰውን ሰው ሰላም ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ ወሬው ስለ እስራኤልም ስለ ጎንደርም አይሆንም። ዘንድሮ ምን ዘራህ፣ ዝናቡስ መቼ ገባ፣ ይኼ ታች ያለው ድሮ ውሃ ይተኛበት ነበር፣ አሁንስ ይተኛበታል ወይ፣ ይባባላሉ። የልጅ ልጆቹ ከላይ ሆነው መኪናው እንደደረሰ ይጣራሉ።