ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ሲል፦ ርካሽ ዕቃ፣ ውድ መረጃ

ሃርድ ዲስክ ሲገዛ ዋጋው የሚወጣለት በሚይዘው መጠን ነው። አምስት መቶ ጊጋ ባይት ይህን ያህል ብር፣ አንድ ቴራ ባይት ያን ያህል ብር ይባልና ይከፈላል። በውስጡ የሚጠራቀመው መረጃ ግን ዋጋው የሚታወቀው ዲስኩ የተበላሸ ዕለት ነው። ያን ዕለት የሦስት ዓመት የሽያጭ መዝገብ፣ የዱቤ ዝርዝር፣ የደመወዝ ሰነድና የውል ቅጂ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገበያ ላይ ይወጣል። ገዢው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ባለቤቱ። ሻጩ ጠጋኙ ሲሆን፣ ገዢው ምን ያህል እንደጨነቀው ለማወቅ ፊቱን ማየት ይበቃዋል።

ይህ ገበያ አዲስ አበባም ውስጥ ለገዢው አይመችም። ላስታ ላይ ደግሞ ይብሳል። ላሊበላ ላይ ሆቴል፣ የአስጎብኚ ድርጅት ወይም የጅምላ መደብር የሚያስተዳድር ሰው ሒሳቡን እንደሌላው የአገሪቱ ነጋዴ በፒችትሪ ወይም በኤክሴል ይይዛል። ፒችትሪ አምራቹ ስሙን ከቀየረው ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም በእኛ አገር የሒሳብ ሠራተኞች ዘንድ ዛሬም በድሮ ስሙ ነው የሚጠራው። የድርጅቱ ሒሳብ በሙሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ፎልደሩም ብዙውን ጊዜ አንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው።

ላፕቶፑ ደግሞ በአብዛኛው ያገለገለ፣ ባትሪው የሞተ ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ መብራት በጠፋ ቁጥር ድርግም ይላል። በ2013 ክረምት ላሊበላ በጦርነቱ ከተያዘች በኋላ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጠው የመብራቱ ችግር ለወራት ዘልቆ ነበር። በዚያን ጊዜ ሥራ የቀጠለው በጄኔሬተር ነው። መብራት በድንገት ሲሄድ ሲጻፍ የነበረው ፋይል በግማሽ ይቀራል፤ ዲስኩም በመዞር ላይ እያለ በቀረችው ጉልበት ማንበቢያ ጭንቅላቱን ወደ ማረፊያው ለመመለስ ይሽቀዳደማል። አንድ ጊዜ ቢሆን ጉዳት የለውም። በቀን አምስት ጊዜ፣ ለዓመታት ሲሆን ግን ዕድሜ ይበላል።

ለመሆኑ በዲስኩ ውስጥ ምን አለ? ባለመዘውር የላፕቶፕ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር፣ እንደ መስታወት የለሰለሰ ሳህን አለው። ማንበቢያው ሳህኑን አይነካም፤ ከሰው ፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ በሚያንስ ክፍተት አየር ላይ ይንሳፈፋል። ለዚህም ነው ተራ ዲስክ ድፍን ያልሆነው፤ በማጣሪያ የተሸፈነች ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ አለችው። አየሩ ከሳሳ ማንበቢያው ዝቅ ይላል፣ ሳህኑን የመንካት ዕድሉም ይጨምራል። ብዙ አምራቾች ዕቃቸው የሚሠራው እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ መሆኑን በመግለጫው ላይ ይጽፋሉ። ላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከገደቡ በታች ናት። ከ4,200 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላፕቶፕ ይዞ ወጥቶ የሚሠራ ሰው ግን ዕቃውን አምራቹ ከፈቀደው ከፍታ በላይ እየተጠቀመበት ነው። የሚዞር አካል የሌለው ኤስኤስዲ ይህ ችግር አይመለከተውም።

ዲስክ ሳይናገር የሚሞትበት ጊዜ ቢኖርም፣ ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል። አንድ ፋይል ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ኮምፒዩተሩ በየመሀሉ ይደርቃል፣ ከውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ማንበቢያው ቦታውን ፈልጎ እያጣ ሲመላለስ የሚፈጠር ነው። ኪሳራው የሚወሰነው ከዚህ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው ማለት ይቻላል። ባለቤቱ ይደነግጥና ኮምፒዩተሩን አሥር ጊዜ አጥፍቶ ያበራዋል። ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካው ዊንዶውስ “ፎርማት ላድርገው?” ብሎ ሲጠይቀው እሺ የሚልም አለ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር የሚባለው የድሮ ዘዴ ደግሞ በሳህኑ ላይ ጤዛ ከማምጣት የተሻለ ጥቅም የለውም።

ትክክለኛው እርምጃ ለመስማት የማይመች ነው፤ ማጥፋትና አለመንካት። ዲስኩ ድምፅ የማያሰማና በዝግታም ቢሆን የሚነበብ ከሆነ፣ ጠጋኙ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ፋይል መፈለግ ሳይሆን ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ መገልበጥ ነው። ለዚህ ሥራ ዲዲሬስኪው የተባለው ነፃ የሊኑክስ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አለ። አሠራሩ ለነጋዴ ቶሎ ይገባዋል፤ እንደ ብልህ ዱቤ ሰብሳቢ መጀመሪያ በቀላሉ የሚከፍሉትን ይዞራል፣ አስቸጋሪዎቹን እየመዘገበ ያልፋል፣ ወደ እነሱ የሚመለሰው በመጨረሻ ነው። ዲስኩ መሀል ላይ ቢሞት እንኳ አብዛኛው ተሰብስቧል። ፍለጋውና ጥገናው ሁሉ የሚካሄደው ከዚያ በኋላ፣ በቅጂው ላይ ነው።

ጠቅ ጠቅ የሚለው ዲስክ ግን በፕሮግራም አይድንም። ከአቧራ ነፃ በሆነ ክፍል ተከፍቶ ማንበቢያው ከተመሳሳይ ሞዴል ዲስክ በተወሰደ መተካት አለበት። በውጭ አገር ይህ ሥራ ከብዙ መቶ ዶላር እስከ ሁለት ሺህና ከዚያም በላይ ያስከፍላል። ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ዲስኩን ወደ ውጭ የመላክ ሐሳብ ለብዙ ነጋዴ ሐሳብ ሆኖ ይቀራል።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባሉት አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ቦታ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ከገበያ እንደሚያስወጣ አሳይተዋል፤ በ2001 ለኖቤል ሽልማት ያበቃቸውም ይኸው ሥራ ነው። የመረጃ ማዳን ገበያ ከዚህ አይለይም። “ዲስኩ ሞቷል” የተባለ ደንበኛ ቃሉን የሚያጣራበት መንገድ የለውም። ሁለት ቀን ሙሉ በተራ ፕሮግራም ሲታሽ ቆይቶ የባሰበት ዲስክም “ከመጀመሪያውም አይሆንም ነበር” ተብሎ ይመለሳል። በውጭ አንዳንድ ድርጅቶች “መረጃው ካልተገኘ ክፍያ የለም” የሚል ውል ያመጡት ይህን ጥርጣሬ ለማስወገድ ነው። እዚህም ቢሆን ደንበኛው ሊደራደርበት የሚችለው ጥቂት ነገር አለ፤ ሥራው በቅጂ ላይ እንዲሆን፣ የተገኙት ፋይሎች ዝርዝር ከክፍያ በፊት እንዲታይ፣ ዋናው ዲስክ እንዲመለስ። የሆቴል ዲስክ የእንግዶች ፓስፖርት ቅጂ ስለሚኖርበት ጠጋኙ ቅጂውን ሲጨርስ እንዲያጠፋ መስማማትም ይገባል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ከላሊበላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ በድንጋይ ገንዳ እየተጠራቀመ ጠበል ይሆናል። በዚያ እርጥበት አጠገብ ብራናዎች ለዘመናት ኖረዋል። ብራና ሲጎዳ ቅጠል በቅጠል ነው፤ የቀረው ይነበባል። ዲስክ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ከዘጠኝ ሺህ በላይ መጻሕፍትን ሲያነሳ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላውን አሜሪካ ሚኒሶታ ማስቀመጡ የዋዛ አልነበረም፤ በቀጣዩ ዓመት አብዮት መጣ፣ የሚኒሶታው ቅጂ ግን ለተመራማሪዎች ክፍት ሆኖ ቀጠለ።

ነጋዴው ሚኒሶታ መሄድ አያስፈልገውም። የፒችትሪውን ባክአፕ በየሳምንቱ በሁለት ውጫዊ ዲስኮች ገልብጦ አንዱን ቢሮ፣ ሌላውን ቤቱ ቢያኖር፣ ኢንተርኔት ሲገኝም አንድ ቅጂ ወደ ውጭ ቢልክ ይበቃዋል። ዲስኩ ዘወትር ከላፕቶፑ ጋር ተሰክቶ ከዋለ ግን ሌባም ሆነ ቫይረስ ሁለቱን አብሮ ይወስዳቸዋል። ወደ ኤስኤስዲ የሚቀይርም ልብ ሊል የሚገባው ነገር አለ፤ ከኤስኤስዲ በስህተት የተሰረዘ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋዩ ሰነዱን ለዓመታት እንዲያቆይ ያስገድዳል፤ መዝገብ ማቅረብ ያልቻለውን ሰው ግብር ባለሥልጣኑ በግምት እንዲወስንም ይፈቅዳል። በግምት የተወሰነው ግብር በዝቷል የሚል ነጋዴ ማስረዳት የሚጠበቅበት ራሱ ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ያለው ጠቅ ጠቅ በሚለው ዲስክ ውስጥ ነው።